«እጅ ነበራት»
የአንዲት አሮጌ ቮልስ ዕድሜና የእኛ ስህተት



በየዓመቱ በዚህች መጽሔታችን ላይ ከአባላት መካከል አንድ ሰው ስለ ቀድሞው ዘመን እንዲጽፍ በተለመደው መሠረት ዘንድሮ ተራው ለእኛ ደርሶናል። ትምህርታችን አንደኛ ደረጃ ላይ የቆመ፣ ሥራችንም የመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ስለ ሆነ ከዕውቀታችን በላይ ለመናገር አንደፍርም። ነገር ግን ጡረታ እስክንወጣ ድረስ ስናገላብጥ የኖርነው የተሽከርካሪ ፋይል ስለ ነበረ፣ ስለ መኪና ታሪክ ጥቂት እንድንጽፍ ብንጠየቅ እሺ ብለናል። ለመጻፍ ያነሣሣን ደግሞ ሰበታ ባለች በአንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ላይ የደረሰው ነገር ነው። ነገሩ እኛንም ስለሚነካ ሳንሸፋፍን እንጽፈዋለን።

መኪናዋን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ባለቤትዋ በ2014 ዓ.ም. በሞት የተለዩን የእድራችን ነባር አባል ነበሩ። በ1964 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ አገር ሰው ገዝተዋት፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ነድተዋታል። በዚያን ጊዜ በሰፈሩ ውስጥ መኪና ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ስለ ነበረ፣ ምጥ የያዛት ሴት ወደ አዲስ አበባ የምትወሰደው በሷ ነበር። ራቅ ወዳለ ቦታ ለቅሶ መንገር ሲያስፈልግም ጥሩምባ ነፊያችንን ከጎናቸው አስቀምጠው እስከ ዓለም ገና ይሄዱ ነበር። በመጨረሻ ዓይናቸው ሲደክም መኪናዋ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆመች፤ ዶሮም እንቁላል ጣለባት።

ከቀብሩ በኋላ ልጆች ተመካከሩ። አንደኛው «ለቁራሌው እንስጣትና ግቢው ይጽዳ» አለ። የመጨረሻው ልጅ ግን «አባባ ሲነዳት እንደነበረችው አድርጌ አሠራታለሁ» ብሎ ተነሣ። እናታቸው ይህንን ሲሰሙ፦ «እንደ ድሮዋ ካደረግሃትማ እጇንም መልስላት። ይህች መኪና እጅ ነበራት፤ ስትታጠፍ እጇን ታወጣ ነበር» አሉ። በቤቱ የነበርነው ሁሉ ሳቅን። ሰባ ስምንት ዓመት ስለ ሞላቸው እርጅና ነው ተባለ። እኛም አብረን ሳቅን። በኋላ ለምን እንዳፈርንበት ከታች ይመጣል። አስቀድመን ግን መኪና ወደ አገራችን እንዴት እንደ ገባና ዘመኗ በምን በምን እንደሚታወቅ ብንናገር ነገሩ ግልጽ ይሆናል።

እንደሚታወቀው ሁሉ በሞተር የሚሄድ ነገር ወደ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በመጀመሪያ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ መጣ። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው ስለ ነበረ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ጠራው። ከዚያም ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል አውቶሞቢል ይዞ፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውንና ገደሉን አቋርጦ ደረሰ። ከሱም ብዙ ሳይቆይ ሆልትስ የሚባል ጀርመናዊ ናከ በምትባል የአገሩ መኪና ገባ። ምኒልክም ተቀምጠውባት ሄዱ። ለመንኮራኩር ተብለው ከተሠሩት ከመጀመሪያዎቹ መንገዶች አንዱ ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም የሚወስደው፣ ዛሬ ቡራዩና ገፈርሳ ባሉበት በኩል የሚያልፈው መንገድ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲል እንፈልጋለን። የመጀመሪያይቱ መኪና የገባችበትን ዘመን አንዱ መጽሐፍ 1907፣ ሌላው 1908፣ የኛዎቹ ደግሞ 1900 ብለው ይጽፋሉ። ሰው ይህንን ሲያይ ጸሐፊዎቹ የተጣሉ ይመስለዋል። አልተጣሉም። የኛ 1900 ዓ.ም. የተጀመረው በአውሮፓ 1907 መስከረም ላይ ሲሆን ያለቀው በ1908 መስከረም ነው። ዓመቱ አንድ ሲሆን ሦስት ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩን የጻፈ ሰው የማን አቆጣጠር እንደ ሆነ ካልጻፈ ግን የሚከተለው ጥፋት ቀላል አይደለም። የእኛም ታሪክ በዚህች ነገር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ወደ መኪናው እንመለስ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ጊዜ ጣሊያን እጅግ ብዙ የጭነት መኪና አስገባ። ትሬንታ ኳትሮ እየተባለ የሚጠራውን ፊያት አባቶቻችን ያስታውሱት ነበር፤ ከነጻነት በኋላ የመጣውን ኤንትሬን ደግሞ እኛ ራሳችን ደርሰንበታል። ጣሊያን ተባሮ ቢሄድም የጋራዡ ቋንቋ ቀረ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ካንዴላ፣ ፓራውልት፣ ፓራፋንጎ፣ ባሌስትራ፣ ላሜራ፣ ስቱኮ፣ ጎሚስታ፣ ታርጋ፣ ቦሎ፣ ሊብሬ የምንለው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። ፍሬቻም እንደዚሁ። ፍሬቻ የምትለዋን ቃል አንባቢ ይያዝልን፤ በኋላ ምስክር ሆና ትቀርባለች።

ከነጻነት በኋላ መንገዱም ሕጉም ተለወጠ። አውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቋመና በየአቅጣጫው መንገድ መጥረግና መጠገን ያዘ። መኪና ሁሉ በግራ በኩል ይነዳ የነበረው ቀርቶ፣ ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ እንዲሆን ተደረገ። ዛሬ አንድ የቆየ የአዲስ አበባ ፎቶግራፍ ያገኘ ሰው መኪናዎቹ በየትኛው ጎን እንደሚሄዱ ቢያይ፣ ከዚያ ቀን በፊት ይሁን በኋላ የተነሣ መሆኑን ማወቅ ይችላል። ጥቃቅን ነገር ምስክር የሚሆነው እንዲህ ነው።

በዚያው ዘመን ቮልስዋገን፣ በእኛ አፍ ቮልስ፣ በየመንገዱ መታየት ጀመረች። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር ስለ ሆነ ራዲያተር የላትም። ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ ዳገቱን ወጥቶ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ለሚሻገር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ሌላው መኪና ኮፈኑን ከፍቶ እንፋሎት እያወጣ ውኃ ሲያስለምን እሷ ቀስ ብላ ታልፈው ነበር። የሞተሩም ክብደት በሚገፉት በኋላ ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ በክረምት ጭቃ ከብዙዎች ትሻል ነበር። ዋጋዋም ቢሆን ለመምህርና ለመንግሥት ሠራተኛ ከሌሎቹ ይቀርብ ነበር።

ታክሲው ደግሞ ፊያት ሴይቼንቶ ነበር። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ቤንዚን ሲወደድ ባለታክሲዎች ሥራ ማቆማቸውና ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የታወቀ ነው። በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥት ሲወሰዱ የተሳፈሩት በቮልስዋገን ነው። ያንን ቀን የምናስታውስ ሰዎች ቮልስን ስናይ ተራ መኪና አትመስለንም። የንጉሡ ትልልቅ አውቶሞቢሎች ዛሬ በብሔራዊ ቤተ መንግሥት ለሕዝብ እይታ ቀርበዋል። የሰፈር ሰው መኪና ግን የሚጠብቃት የሰፈር ሰው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሰበታዋ ቮልስ እንምጣ። ልጁ ሥራውን የጀመረው ሊብሬዋን በማንበብ ነው። የተሠራችበት ዘመን ከሚለው ፊት ለፊት «1960 ዓ.ም.» የሚል አገኘ። ያንን ወደ አውሮፓ ቢመልሰው 1967 እና 1968 መጣለት። ስለዚህ ሶማሌ ተራ ወርዶ የ1968 ሞዴል የፊት ፓራፋንጎ ሁለት፣ ከነመብራቱ፣ እንዲሁም ባለ 12 ቮልት ዲናሞ ገዛ። የሁለት ወር ደመወዙ አለቀ። ሻጮቹ የጠየቃቸውን ነው የሰጡት፤ በነሱ አይፈረድም።

መኪናዋ በጭነት ተወስዳ ቡራዩ ወደሚገኙ አንድ አዛውንት ላሜራ ሠሪ ዘንድ ገባች። እኒህ ሰው በልጅነታቸው አዲስ አበባ በቀረ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ቁልፍ እያቀበሉ ሥራ የለመዱ ናቸው። አዲሱን ፓራፋንጎ አንሥተው ሲለኩ የፓራውልቱ መያዣ ቀዳዳ ከቦታው አልገጥም አለ። መብራቱም ቀጥ ብሎ ቆመ፤ የአሮጌዋ መብራት ግን እንደ ፓራፋንጎው ወደ ኋላ የተጋደመ ነበር። ሰውዬው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና ዝም ብለው ቀለሙን መፋቅ ያዙ። ከበሩ በስተኋላ ያለውን ቋሚ ላሜራ ሲፍቁ ወፍራም ስቱኮ ተገምሶ ወደቀ። ከሥሩ ስንዝር የምትሆን ቀጭን ስንጥቅ ተገኘች። በሌላው ጎን ቢፍቁ እዚያም አለች።

«ይህቺ የ1960 ዓ.ም. መኪና አይደለችም፤ ይህ የፍሬቻ ቤት ነው» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀድሞ ዘመን የብዙ መኪና ፍሬቻ እንደ ዛሬው ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አልነበረም። በቋሚው ላሜራ ውስጥ ተሸጉጣ የምትኖር፣ ውስጧ አምፖል ያላት ትንሽ ክንድ ነበረች። ሹፌሩ ማብሪያውን ሲያዞር ወደሚታጠፍበት ጎን ብቅ ብላ ትዘረጋለች፤ ሲመልሰው ትከተታለች። ፍሬቻ ማለትም በጣሊያንኛ ቀስት፣ ፍላጻ ማለት ነው፤ ስያሜው የመጣው ከዚያች ከምትወረወረው ክንድ ነው። እኛ ቃሉን በየቀኑ እየጠራን ነገሩን ረስተነው ኖረናል። እናታችን ግን አልረሱም። «እጅ ነበራት» ያሉት በዓይናቸው ያዩትን ነው።

በማግሥቱ ልጁ ሊብሬዋን ይዞ እቤታችን መጣ። «ጋሼ፣ እርስዎ የመዝገብ ቤት ሰው ነዎት፤ ይህ ጽሑፍ እንዴት ሊሆን ቻለ?» አለን። መነጽራችንን አድርገን ተመለከትን። መልሱን ለመናገር ጊዜ አልፈጀብንም፤ ለመናገር ድፍረት ግን ጠፋን። ጽሑፉ የእኛው የእጅ ጽሑፍ ነበር። የ«ዓ» እግር ወደ ግራ የምትታጠፈው በልጅነታችን የቄስ ትምህርት ቤት እንደ ለመድነው ነው። ሃያ ዓመት አልፎን ገና በጀማሪ ጸሐፊነት በምንሠራበት ጊዜ የቆዩ ፋይሎችን ወደ አዲስ ቅጽ እንድንገለብጥ ታዘን፣ በቀን ብዙ ፋይል እንጨርስ ነበር። በቀድሞው ወረቀት ላይ በላቲን ፊደል 1960 ብቻ ተጽፎ ነበር፤ ያውም በአውሮፓ አቆጣጠር። እኛ ሳንቀንስ፣ ሳንጠይቅ፣ ከጎኑ «ዓ.ም.» የሚለውን ጨመርንበት። እጃችን ለምዶ ነው እንጂ ክፋት አልነበረበትም። ነገር ግን መኪናዋ በዚያች ቅጽበት 8 ዓመት ወጣት ሆነች።

ለሳምንት ያህል ለማንም ሳንናገር ቆየን። ስንትና ስንት ፋይል በእጃችን እንዳለፈ እያሰብን እንቅልፍ አጣን። በመጨረሻ እሑድ ቀን እናታችን ቤት ሄደን፣ ልጆቹ ባሉበት፣ «እትዬ፣ የጻፍነው እኛ ነን፤ ይቅርታ ያድርጉልን» አልን። እሳቸውም ትንሽ ዝም ብለው፦ «ወረቀት ስለ ተሳሳተ ረሳች አላችሁኝ። እኔ ሳልረሳ» አሉ። ከዚያ ቡና አስፈሉልን። ከዚህ በላይ አልወቀሱንም፤ ለእኛ ግን በቂ ነበር።

የመኪናዋ ትክክለኛ ዕድሜም በሌላ ማስረጃ ተረጋገጠ። አሮጌ ቮልስ ያላችሁ አባላት እንድትጠቀሙበት በዝርዝር እንጽፈዋለን፤ በዚህ ክፍል ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስታውሱ። የሻንሲው ቁጥር የተቀረጸው ከኋላ ወንበር ሥር፣ በመካከለኛው የወለል ጉብታ ላይ ነው። ከ1964 ነሐሴ ጀምሮ የተሠሩት ቁጥራቸው ባለ 9 አሐዝ ሆኖ በ11 ይጀምራል፤ ሦስተኛው አሐዝ የሞዴሉን ዓመት ያመለክታል፤ ለምሳሌ 118 ብሎ የሚጀምር የ1968 ሞዴል ነው። ከ1970 ሞዴል ወዲህ አሐዙ 10 ሆነ። የሰበታዋ ግን በ2 የሚጀምር ባለ 7 አሐዝ ነው፤ ስለዚህ ከ1964 በፊት የተሠራች ለመሆኗ ክርክር የለውም። የሞተር ቁጥር ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ይገኛል፤ ሞተር ግን በየጊዜው ስለሚለወጥ በሱ ብቻ አትፍረዱ።

ከቁጥሩ ሌላ አካሏም ይናገራል። የኋላው መስታወት እስከ 1953 መጀመሪያ ለሁለት የተከፈለ፣ ከዚያ እስከ 1957 አጋማሽ እንደ እንቁላል ሞላላ፣ ከዚያ ወዲህ ሰፊ ነው። ክንድ ፍሬቻ የቀረው በ1960 ነሐሴ ሲሆን፣ በምትኩ በፓራፋንጎው ጫፍ ላይ መብራት ተቀመጠ። የቤንዚን መለኪያ የገባላት ከ1961 ነሐሴ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ቤንዚን ሲያልቅ ሹፌሩ በእግሩ አጠገብ ያለችውን ማዞሪያ ወደ መጠባበቂያው ያዞርና 5 ሊትር ያህል ይቀርለት ነበር። የ1300ና የ1500 ሞዴሎች ቀጥ ያለ መብራት፣ ከፍ ያለ ፓራውልትና 12 ቮልት ያገኙት በ1967 ነሐሴ ነው። የሰበታዋ መለኪያ የላትም፣ መብራቷ 6 ቮልት ነው፣ ክንድ ነበራት። ስለዚህ በኛ አቆጣጠር 1952 ዓ.ም. ላይ ትውላለች። የእኛ ስህተት እነዚህን ለውጦች ሁሉ አሻግሮ ነበር የጣላት።

ከዚህ በኋላ ክርክሩ ምን ይደረግ የሚለው ሆነ። ከወንድሞቹ አንዱ፣ «ፓራፋንጎው አንዴ ተገዝቷል፤ ቀዳዳውን አስፍቶ መግጠም ነው፤ ማን ያውቃል?» አለ። ነገሩ ውሸት አልነበረውም፤ በመንገድ የሚያልፍ ሰው አያውቅም። ላሜራ ሠሪው ግን፣ «እኔ አውቃለሁ» አሉ። ልጁም የገዛውን በኪሳራ ሸጠና ፍለጋ ወጣ። ከብዙ መንከራተት በኋላ ሱሉልታ፣ አንድ የድርቆሽ ነጋዴ ግቢ፣ ከድርቆሹ ክምር ሥር የእሷ ዘመን የሆነች ቮልስ ቅሪት ተገኘች። ሞተርና ወንበር የላትም፤ ሁለቱ ፓራፋንጎዎች ግን በደረቅ ቦታ ስለ ኖሩ ደህና ነበሩ። ከቀኝ ጎንዋም አንዲት ክንድ ተገኘች። የግራዋን ማን እንደ ወሰዳት አይታወቅም።

ቀለሙንም በዚሁ ሥርዓት ወሰኑ። ልጁ የልጅነቱን ቀይ ያስታውስ ነበር። ከመሣሪያው ሣጥን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ፣ ፀሐይም ብሩሽም ያልደረሰበት ቦታ፣ ግራጫ የመሰለ ሰማያዊ ተገኘ። ቀዩ አባትየው በኋላ ያስቀቡት ነው። እዚህ ላይ እናታችን ተጠየቁ፦ «ስንገዛት ሰማያዊ ነበረች» አሉ። በዚህ ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ሁሉም ነገር ግን የድሮው ይሁን አልተባለም። ጎማው፣ የፍሬን ቱቦዎቹና የኤሌክትሪክ ሽቦው አዲስ ናቸው፤ አሮጌ ፍሬን ታሪክ ቢሆንም ሰው ይገድላል። ዛሬ ያለ ሹፌር የክንድ ምልክት ስለማያውቅም በፓራውልቱ ላይ በብሎን የሚፈቱ ትናንሽ ፍሬቻዎች ተገጥመዋል። የግራው ክንድ ቤት ባዶውን ተትቷል። በስቱኮ አልተደፈነም፣ የውሸትም አልተሠራለትም። የጠፋው መጥፋቱ ይታወቅ ተብሏል።

መኪናዋ ከቡራዩ የወጣች ቀን እኛም ነበርን። ሰበታ ከደረሰች በኋላ ከዋናው አስፋልት ወደ ሰፈራችን ስትታጠፍ የቀኝ እጇ ብቅ አለች፤ ብርሃኗም በራ። በር ላይ የቆሙት እናታችን ወደ እኛ ዞር ብለው፣ «እኔ ምን አልኳችሁ?» አሉ።

ሊብሬውን በሚመለከት ማመልከቻውን በራሳችን እጅ ጽፈን፣ የሻንሲ ቁጥሩን አያይዘን ለሚመለከተው ክፍል አስገብተናል፤ ይህ ጽሑፍ እስከተጻፈበት ቀን መልሱን እንጠብቃለን። ዕድሜ ልካችንን የሰው ማመልከቻ ስንቀበል ኖረን በራሳችን ስህተት ላይ ስናመለክት ይህ የመጀመሪያችን ነው።

ውድ አባላት፤ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ቮልስም ብትሆን በጀርመን በ1978፣ በሜክሲኮ በ2003 በአውሮፓ አቆጣጠር መሠራቷ ቀርቷል። እንግዲህ በየግቢያችን ሸራ ለብሶ የቆመው ተተኪ የለውም። ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ከወንበሩ ሥር ያለውን ቁጥር አንብቡ፤ ቀጥሎም በቤቱ ያሉትን ትልቅ ሰው ጠይቁ፤ ወረቀቱና ሰውየው ካልተስማሙ ደግሞ ሰውየው ተሳሳቱ ለማለት አትቸኩሉ።

የእድራችን መዝገብም በዚሁ ዓይን ይታይ እንላለን። የአባላት የልደት ዘመን፣ የገቡበት ቀን፣ የቤተሰብ ስም በብዙ እጅ የተገለበጠ ነው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሁላችሁም የየራሳችሁን ገጽ አይታችሁ ስህተት ካለ በሕይወት እያላችሁ አስተካክሉ። በዚህም ጽሑፍ ውስጥ ስህተት ያገኘ አባል ለእድሩ ጸሐፊ ይንገርልን፤ አንቀየምም።

የመኪናዋን ባለቤት የወንድማችንን ነፍስ ይማርልን።